ይድረስ ለሙሄ፦ አድማጭ ስለሸሸው አልበም

ደሴ፣ ሸዋ በር

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ሙሄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የሪያድ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። እናትህን በቀደም ከገበያ ሲመለሱ አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ከማመማቸው በቀር ደህና ናቸው። እንደ ልማዳቸው «ያ ልጅ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ነው አሉ» አልኳቸው። «ማን አለ?» ሲሉኝ ግን መልስ አጣሁ፤ ሳቁብኝ።

መቼስ በ2014 ስልኩ ሁሉ ከተቋረጠ ወዲህ ሰው ከሰው ተጠፋፍቶ ቀርቷል። አንተ ቁጥርህን ቀየርክ፣ የኔም ስልክ ከሱቁ ዕቃ ጋር አብሮ ሄደ። ሱቁን እንደምንም ብዬ መልሼ ከፍቻለሁ። አሁን ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው፤ ሬዲዮና ቴፕ ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ሆኗል። የዚያን ወራት ጉዳይ ሲገናኙ ቡና ላይ የሚወራ እንጂ ደብዳቤ ላይ የሚሰፍር አይደለምና ልለፈው። አድራሻህን የሰጠችኝ ታናሽ እህትህ ናት። ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ አንድ አልበም ላወራህ ነው፤ አትሳቅ። ከአንተ ሌላ የማወራው ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ገጽ አልሞላም ነበር።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ደንበኛ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ አምጥቶልኝ ነበር። ስክሪኑን ቀይሬ ስጨርስ፣ ስፒከሩ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ውስጡ ካሉት ዘፈኖች አንዱን ከፈትኩ። የሬዲዮ ጣቢያ መለያ ዜማ ወጣ። ቀጥሎ የአስተዋዋቂ ድምፅ፤ አጭር ሞገድ ላይ እንደሚሰማው ያለ። እኔ የስልኩ ሬዲዮ በስህተት የተከፈተ መስሎኝ ልዘጋው ስል ከበሮውና ኪቦርዱ ገቡ። ለካ ዘፈኑ እሱ ራሱ ኖሯል! የፕራግ ሬዲዮን፣ የዚያን ዘመኗን የቼኮዝሎቫኪያን ጣቢያ ድምፅ ቀድተው የአልበሙ መክፈቻ አድርገውታል። ባለቤቱ ስልኩን ሊወስድ ሲመጣ አስፈቅጄው አልበሙን በሙሉ ገለበጥኩት።

አልበሙ «ዳዝል ሺፕስ» ይባላል። ባንዱ ደግሞ ኦርኬስትራል ማኑቨርስ ኢን ዘ ዳርክ፤ ሰው ሁሉ ስሙ ረዝሞበት ኦኤምዲ ነው የሚለው። ልጆቹ ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ ካለችው ከዊራል ናቸው። ዋናዎቹ አንዲ ማክላስኪና ፖል ሀምፍሪስ የሚባሉ የአንድ ትምህርት ቤት አብሮ አደጎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 መድረክ ሲወጡ ከበሮ መቺ እንኳ አልነበራቸውም። ከበሮውን አስቀድመው ቀድተው በቴፕ ነበር የሚያጫውቱት፤ ለቴፑም ዊንስተን የሚል ስም አውጥተውለት እንደ አንድ የባንዱ አባል መድረክ ላይ ያቆሙት ነበር። ማልኮም ሆልምስ በከበሮ፣ ማርቲን ኩፐር በኪቦርድ የተጨመሩት ኋላ ነው። ዊንስተንን ሳነብ ያንተ ቴፕ ነው ትዝ ያለኝ፤ በሯ ስለማይገጥም በላስቲክ የምታስራት።

አሁን ነገሩን እንድትረዳልኝ ከዚህ አልበም በፊት የነበረውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ሦስተኛ አልበማቸው እጅግ ተወዶ ነበር። ከሱ የወጡት ሦስት ነጠላ ዘፈኖች ሦስቱም እንግሊዝ ውስጥ ከአምስተኛ ደረጃ አልወረዱም። ከሦስቱ ሁለቱ ስለ ፈረንሳይዋ ጀግና ስለ ዣን ዳርክ የተዘፈኑ ናቸው፤ አንደኛዋ ጀርመን አገር በ1982 ከነጠላ ሸክላ ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ወጥታለች። የዚያ አልበም ድምፅ የሜሎትሮን ድምፅ ነው። ሜሎትሮንን አይተኸው አታውቅም፤ እኔም በፎቶ ነው ያየሁት፤ ግን አሠራሩን ስትሰማ ትወደዋለህ። ከውጭ ሲያዩት ኪቦርድ ነው። ከያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ግን አንድ አንድ ቁራጭ የቴፕ ሪባን አለ። ቁልፉን ስትጫን ሪባኑ ድምፁን በሚያነበው ሄድ ላይ እየተሳበ የተቀዳበትን ድምፅ ያሰማል፣ መዘምራንም ይሁን ቫዮሊን። ስምንት ሴኮንድ ያህል ይሄድና ሪባኑ ያልቃል። ጣትህን ስታነሳ ስፕሪንጉ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ስለዚህ አንድን ኖታ እንዳሻህ ጎትተህ መቆየት አትችልም፤ ሪባኑ ሳያልቅብህ ወደ ሌላ ቁልፍ መዝለል አለብህ። እንዲህ ያለ ዕቃ ቢመጣልኝ ሳልከፍል አልጠግነውም፣ ከፍዬ ነው የምጠግነው!

ሰው እንግዲህ ሌላ የመዘምራን ድምፅ ያለበት፣ ልብ የሚያባባ አልበም ሲጠብቅ ቆየ። በእኛ የካቲት 1975፣ በነሱ ማርች 1983 ላይ «ዳዝል ሺፕስ» ወጣ። በውስጡ ያለውን ስማ። የመኪና ፋብሪካ ሮቦት ድምፅ አለ። ከያገሩ የሚነገር የስልክ ሰዓት፣ «አሁን ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» የሚለው፣ በየቋንቋው እርስ በርሱ ተደራርቦ አለ። ከባሕር በታች መርከብ የሚያስስ መሣሪያ ጩኸትና የመርከብ ጡሩምባ አለ። ልጆች ፊደል የሚማሩባት፣ ቃል የምትናገር የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መጫወቻ አለች፤ እሷ ናት የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈን ውስጥ የምትለፈልፈው። በመካከል በመካከል ደግሞ እውነተኛ ዘፈን ይመጣል። አሥራ ሁለቱም ሲደመሩ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልቁም።

ስሙን የወሰዱት ከአንድ ሥዕል ነው፤ ሐሳቡን ያመጣላቸው የሽፋን ሥራቸውን ይሠራላቸው የነበረው ፒተር ሳቪል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች መርከቦቻቸውን በጥቁርና ነጭ፣ በሰያፍ መስመርና በስብርባሪ ቅርጽ ይቀቡ ነበር። ለመደበቅ አልነበረም፤ እንዲህ የተቀባ መርከብ ከሩቅም ይታያል። ጠላት በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ሆኖ ሲያነጣጥር ግን መርከቡ ወዴት እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ይምታታበታል። ያን ቀለም ያስቀባ ከነበሩት አንዱ ኤድዋርድ ዋድስዎርዝ የሚባል ሠዓሊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ሊቨርፑል ወደብ ለጥገና የቆሙትን መርከቦች ሣላቸው። ልጆቹ ደግሞ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው።

አልበሙ ሲወጣ የሆነውን መገመት አያቅትህም። የመጀመሪያ ሳምንታት በስማቸው ብቻ ተሽጦ 5ኛ ደረጃ ደረሰ። ከዚያ ወሬው ተዛመተ። የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈን 20ኛ ላይ ቆመ፣ ሁለተኛው 42ኛ ላይ። የሙዚቃ ጋዜጦች አብዛኞቹ አላዘኑላቸውም። ማክላስኪ ራሱ ኋላ ሲያወራ፣ የፊተኛው ሦስት ሚሊዮን ተሽጦ ይህኛው ወደ 300,000 ወረደ ይላል፤ እየሳቀ ነው የሚናገረው፣ ያን ጊዜ ግን አልሳቀም።

አሁን ደግሞ የዘመኑ ሰው ተገልብጦ «ድንቅ ሥራ ነው፣ ሰው ሳይገባው ቀርቶ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደገና ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ከዚያ ከተወደደው አልበም ጋር ሙሉውን ተጫወቱት፤ ሰውም ለሁለቱም አጨበጨበ። እኔ በዚህኛውም ሙሉ በሙሉ አልስማማም ሙሄ። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና ልንገርህ፤ አልበሙ ጎደሎ ነው። ዘፈን አጥሯቸው እንደነበር ጆሮ ያለው ያውቃል። ሁለቱ ቀደም ሲል በነጠላ ሸክላ ጀርባ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ኦኤምዲ ከመባላቸው በፊት ከነበራቸው ባንድ የተረፈ ነው። የስልክ ሰዓቱን አንዴ ከሰማኸው በቃ፤ ሁለተኛ አያስፈልግህም። እ.ኤ.አ. በ1983 ገንዘቡን ከፍሎ ሸክላ የገዛው ልጅ የቼኮዝሎቫኪያ ሬዲዮ ሲጮህበት ቢናደድ ምን ይፈረድበታል? እሱ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። እኔ ሸዋ በር ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ምንም ሳልጠብቅ፣ ሳልከፍል፣ ከሰው ስልክ ላይ ነው ያገኘሁት። መውደድ ለኔ ቀላል ነው። ያኔ የጠሉትን ጅል፣ አሁን የሚወዱትን ብልህ የሚያደርገው ወሬ የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። አምባሰል ብሎ የተቀመጠ ሰው ፊት ባቲ ብትጫወት፣ ባቲህ ምንም ቢያምር አይሰማህም፤ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው ያለው። በማሪቱ ለገሠ የተሟሸ ጆሮ ማሲንቆ በሌለበት የማሲንቆን ድምፅ ሲፈልግ ያመሻል።

ካሴትህን ነው የማወራው፤ ገብቶሃል መቼም።

አባትህ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ያቺን ሬዲዮ ደጅ ይዘው ሲቀመጡ አንተ ከሥራቸው አትጠፋም ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ሞቅ ሲል መልሰው አስገብተው፣ የጀርመን ድምፅን ፍለጋ መርፌዋን ቀስ፣ ቀስ ያደርጓታል። እሳቸው ዜናውን ነው የሚጠብቁት። አንተ የምትወደው ከጣቢያ ጣቢያ መካከል ያለውን ነበር፦ ፉጨቱን፣ መጣሁ መጣሁ የሚለውን የሩቅ ዘፈን፣ በማናውቀው ቋንቋ ቁጥር የምትቆጥረውን ሴትዮ። ጣቢያው ሲያዝ ትነሳና ትሄዳለህ! ኋላ ኪቦርድ ስትገዛ ያን ፉጨት በካሴት ቀድተህ ከላዩ ባቲ ተጫወትክበት። አምስቱን ኖታ ብቻ፣ ዘለግ ዘለግ እያደረግህ፤ ፉጨቱ ከታች ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴ በአጋጣሚ ከቅኝቱ ጋር ይገጥምና ሁለታችንም ደንግጠን እንተያያለን። ፒያሳ ያለው ሙዚቃ ቤት ይዘንለት ብንሄድ ሰውዬው አንድ ደቂቃ ያህል ሰምቶ አወጣውና «ይሄ ካሴት ተበላሽቷል፣ ሌላ አላችሁ?» አለን። ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ስንስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያን ካሴት አላነሳኸውም። ሠርግ በሠርግ ሆንክ። የተጠየቅኸውን ትጫወታለህ፣ ጎበዝ ነህም፣ ሙሽራው ሁሉ አንተን ነው የሚፈልገው።

ኦኤምዲዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ካሪቢያን ውስጥ ሞንሰራት የምትባል ደሴት ሄደው፣ ፀሐይ የሞላበት፣ ጥሩንባና ጭፈራ ያለበት አልበም ይዘው ተመለሱ፤ አንዷ ዘፈን 5ኛ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1986 ለአሜሪካ ፊልም የሠሩት ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። መጥፎ ዘፈን አይደለም፤ ለሠርግ ይሆናል። ግን ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት የሬዲዮ ፉጨት ወደ ዘፈናቸው ሲገባ አልሰማሁም፤ የፕራግን ጣቢያ ደፍሮ ከአልበም ፊት ያስቀመጠው እጅ ከዚያ በኋላ ተቆጥቦ ነው የሚጫወተው። እኔን የሚቆጨኝ ሽያጩ አይደለም። ያ ጎደሎ አልበም ተከታይ አለማግኘቱ ነው። ሁለተኛው ቢሠራ ኖሮ የተሟላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ነው፣ ሙከራ ደግሞ ይጎድለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወሎዬ በመሆኔ ይሆናል እንቅልፍ የነሳኝ። አልበሙ ውስጥ «ኢንተርናሽናል» የሚባል ዘፈን የሚጀምረው በዜና ነው። ኒካራጓ ውስጥ የቀድሞው መንግሥት ወታደሮች እጆቿን ስለቆረጧት ልጅ ዜና አንባቢው ደረቅ ባለ ድምፅ ያነባል፤ ከዚያ ዘፈኑ ይገባል። ያን ሲሰሙ የእንግሊዝ ልጆች ምን ይበሉ፤ ቅዳሜ ማታ ሊጨፍሩ የገዙት ሸክላ ነው። ዓመት ከምናምን ቆይቶ፣ ጥቅምት 1977፣ ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የረሃቡን ፊልም አሳየ። ኅዳር ላይ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በጻፉት ዘፈን ተሰባሰቡ፤ ዩር ራሱ ከኪቦርድ ባንዶቹ ወገን ነው። ዘፈኑ አገር ምድሩን አጥለቀለቀው። ገንዘቡ እህል ገዝቷል፣ ሰው አድኗል፣ ያን አልክድም፤ ከእህሉ የበሉ ሰዎች መካከል የምናውቃቸው አሉ። ግን ሁለቱን አከታትለህ ስትሰማቸው አንድ ነገር ይሰማሃል። የሰው ስቃይ እንደ ዜናው እንደ ወረደ ሲመጣ ሸክላው መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ በደወልና በገና በዓል ተሸፍኖ ሲመጣ ተሻሙበት። ስለኛ የተዘፈነውን ያን ዘፈን እኔና አንተ የሰማነው ደግሞ ረሃቡ ካለፈ ከስንት ዘመን በኋላ ነው፤ ለዚያውም ትርጉሙን የነገረን ሌላ ሰው።

ብቻ አንተ ስትሰማው ከፊት አትጀምር፤ ትሰለቸዋለህ፣ አውቅሃለሁ። መጀመሪያ ስለ ቴሌስኮፕ የሚለውን ስማ፤ ስምንተኛው ነው። ከበሮው ቀስ ብሎ እንደ ወታደር ሰልፍ ይሄዳል፣ ከላይ ያ የመዘምራን ድምፅ አለ። ቀጥለህ የመጨረሻውን፤ ምንም የለበትም፣ ጥቂት ጊታርና ያው ከበሮ፣ ድምፁም የደከመው ሰው ድምፅ ነው። እነዚህን ከወደድካቸው ተመልሰህ ከፕራግ ሬዲዮ ጀምር። ያኔ ጫጫታው ለምን እንደገባ ይገባሃል፤ ዘፈኖቹ ከሩቅ ጣቢያ የሚመጡ ነው የሚመስሉት፣ ይያዙና ይጠፋሉ። የስልክ ሰዓቱን ዝለለው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያ ካሴት ያለው አንተ ጋ ነው ወይስ እናትህ ቤት ቀርቷል? እህትህ «ሻንጣው ውስጥ ይዞት ሄዷል» ትላለች። ካለህ መኪና ውስጥ አትተወው፤ በዚያ ሙቀት ሪባኑ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ለመስማት ብለህ ያገኘኸው ቴፕ ላይ ሁሉ አታስገባው፤ የቆየ ሪባን የቆሸሸ ሄድ ካገኘው ዱቄቱ ይላላጣል፣ የተላላጠው ድምፅ ደግሞ አይመለስም። ለአረፋ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና በፌስታል ጠቅልለህ በእጁ ላክልኝ። እዚህ አንድ ደህና ቴፕ አስቀምጫለሁ፤ ሄዱን በአልኮል ጠርጌ፣ ላስቲኩን ቀይሬ፣ ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ። ፉጨቱን አላጸዳውም፣ አትስጋ። ገልብጬ ስልክህ ላይ እልክልሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ልትቀጥለውም ልትተወውም ያንተ ፈንታ ነው። ኪቦርድ እዚያ ርካሽ ነው አሉ።

ካሴቱን የሚያመጣውን ሰው ስልክ ቁጥር ለእህትህ ንገራት፤ እኔ ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ እቀበለዋለሁ። ለእናትህ ደግሞ ደውልላቸው፤ ደብዳቤ ከኔ ይድረስህ እንጂ እሳቸው የሚፈልጉት ድምፅህን ነው። ልጆቹ ሰላም ብለውሃል።

ያንተው
የሸዋ በሩ ጠጋኝ